ጠላቱን ከማየቱ በፊት፦ ያልተወለደ ግልገል አንጀት የሚሠራው ሥራ

ለበዓል በግ ታርዶ አንጀቱ ሲታጠብ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ትንሹ አንጀት መጀመሪያው ላይ ስስ ነው፤ በሁለት ጣት መሐል ሲይዙት የሌለ ያህል ነው። ወደ መጨረሻው፣ ከትልቁ አንጀት ጋር ሊገናኝ ሲል ግን ይወፍራል። ግድግዳው ነጣ፣ ጠንከር ይላል፤ ወደ ፀሐይ ቢይዙት እንደ ላይኛው ክፍል ብርሃን አያሳልፍም። ይህ የሚታየው በጉ ገና ጠቦት ከሆነ ነው። የሦስትና የአራት ወር ግልገል ከሆነማ ወፍራሙ ክፍል ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል። የታረደው ሦስትና አራት ዓመት የቆየ ሙክት ከሆነ ግን ያንን ውፍረት ቢፈልጉት አይገኝም።

እናቴ ይህን ክፍል ስታጥብ «ይሄ ስብ ያዘለ ነው» ትል ነበር። እኔም ለብዙ ዓመት ስብ ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ። ስብ አይደለም። በሽታ የሚከላከሉ ሴሎች የሚመረቱበት ትልቅ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ግልገሉ ሣር ከመቅመሱ፣ ጡት ከመጥባቱ በፊት፣ ገና በእናቱ ማህፀን ውስጥ ሳለ ነው። ማህፀን ውስጥ ደግሞ በጤናማ እርግዝና ጊዜ የሚዋጋው ጀርም የለም። ታዲያ ማንን ለመዋጋት ነው የሚዘጋጀው? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚገኙትን እነዚህን የመከላከያ ሴል ክምችቶች በደንብ የገለጻቸው ዮሃን ኮንራድ ፔየር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1677 ነበር። እስከ ዛሬም በስሙ የፔየር ንጣፎች ይባላሉ። በግ ሁለት ዓይነት አላት። አንደኛው ዓይነት በትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል ላይ እዚህም እዚያም ተበትኖ የሚገኝ ነው፤ ቁጥሩ ሠላሳ ገደማ ይሆናል፣ ዕድሜ ልክም ይቆያል። ሥራው ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም መመርመር ነው። ሁለተኛው ያ መጨረሻ ላይ ያለው ረጅምና ያልተቆራረጠ ንጣፍ ነው። በውስጡ ወደ 100,000 የሚጠጉ ጥቃቅን እንክብሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ እንክብል ያለማቋረጥ የሚባዙ ሴሎች የታጨቁበት ነው። እኛም ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

ነገሩ እንዲገባን «ተቀባይ» የሚባለውን ነገር ማወቅ አለብን። ተቀባይ ማለት በሴል ቆዳ ላይ ወይም በውስጡ ያለ፣ አንድን የተወሰነ ነገር ሲነካ «መጣ!» ብሎ ለሴሉ የሚናገር ፕሮቲን ነው። የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አሉት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም የሰማይና የምድር ያህል ነው።

የመጀመሪያዎቹ የሚወረሱ ናቸው። ከእናትና ከአባት በተገኘው ጂን ላይ ሙሉ በሙሉ ተጽፈው ይመጣሉ፣ ምንም አይለወጥባቸውም። ከእነዚህ ዋነኞቹ ቶል መሰል ተቀባዮች ይባላሉ። «ቶል» የጀርመንኛ ቃል ነው፤ መጀመሪያ ለአንድ የፍራፍሬ ዝንብ ጂን የወጣ ስም ነበር። በኋላ የጁል ሆፍማን ቡድን ይህ ጂን ዝንቧን ከሻጋታ እንደሚከላከል፣ ብሩስ ቦይትለር ደግሞ የአይጥ አቻው የባክቴሪያን ሽፋን እንደሚለይ አረጋገጡ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። ሰውም በግም አሥር አሥር እንዲህ ያሉ ተቀባዮች አሏቸው። አራተኛው የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ቅባታማ ሽፋን ያውቃል፣ አምስተኛው ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጅራት ያውቃል፣ ሦስተኛው የቫይረስ ምልክት የሆነውን ባለ ጥንድ ክር አርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል) ያውቃል። ጀርሞችን በነገዳቸው ይለያሉ እንጂ አንዱን ግለሰብ ከሌላው አይለዩም።

ሁለተኛዎቹ ከዚህ ይለያሉ። ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ላዩ ላይ የሚሸከመው ተቀባይ ከማንም አልተወረሰም፤ ሴሉ ራሱ የፈጠረው ነው። ጎረቤቱ ያለው ቢ ሴል ሌላ ዓይነት ተቀባይ አለው፣ ሦስተኛውም ሌላ። ከእነዚህ አንዱ በአጋጣሚ ለአንድ ጀርም ልክ ሆኖ ከተገኘ ሴሉ ይባዛል፤ ያንኑ ተቀባይ በብዛት እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። አንቲቦዲ፣ በአማርኛችን ፀረ እንግዳ አካል የምንለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሒሳብ ችግር ይነሳል። በዓለም ላይ ያለው ጀርም ስፍር ቁጥር የለውም፤ ነገ የሚፈጠረውም አለ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጂን መያዝ ቢያስፈልግ ኖሮ የትኛውም እንስሳ አይችለውም ነበር። ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶነጋዋ ይህን እንቆቅልሽ ፈትቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የኖቤል ሽልማት አገኘ። መልሱ ሴሉ የጂን ቁርጥራጮችን እየመረጠና እየገጣጠመ አዲስ ተቀባይ መሥራቱ ነው። ሰውና አይጥ በቂ ቁርጥራጭ ስላላቸው በመገጣጠም ብቻ እጅግ ብዙ ዓይነት ያወጣሉ። ይህም መቅኔ ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚሠራ ሥራ ነው።

በግ ግን በዚህ በኩል ድሃ ናት። ለሥራ የምታውላቸው ቁርጥራጮች ጥቂት ናቸው፤ ቢገጣጠሙም ብዙ ዓይነት አያወጡም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ይዛለች፦ ከተገጣጠመ በኋላ ፊደሉን መለወጥ።

ይህን ከራሳችን ፊደል የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም። «ቅል» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ከ«ቅ» ላይ ያለውን ምልክት ትንሽ ብትቀይሩ «ቃል» ይሆናል፤ ከጓሮ አትክልት ተነስቶ ከሰው አፍ የሚወጣ ነገር ሆነ። አንድ ፊደል ብቻ ነው የተነካው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። አሁን ደግሞ «ቄል» አድርጉት። ምንም ማለት አይደለም። የግልገሉ አንጀት የሚሠራው እንዲህ ነው። ቢ ሴሉ ሲባዛ የተቀባዩን ጂን ፊደላት በዘፈቀደ ይቀያይራል፤ ልጁ ከእናቱ በአንድ ፊደል ይለያል፣ የልጅ ልጁ በሁለት፣ እያለ ይቀጥላል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው «ቄል» ነው። የማይሠራ ተቀባይ ይዞ የተገኘ ሴል እዚያው እንክብሉ ውስጥ ይሞታል። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ከሚፈጠሩት 100 ሴሎች 95 ያህሉ ከንጣፉ ሳይወጡ ያልቃሉ። ብክነት ይመስላል፤ ግን ያለ ብክነት ብዙ ዓይነት ማግኘት አይቻልም። የተረፉት አምስቱ በሊምፍ (ነጭ የደም ሴሎችን ይዞ በራሱ ቱቦዎች በሚፈስ ፈሳሽ) በኩል ወደ ደም ይገባሉ፣ አካሉን ሁሉ ያጥለቀልቃሉ።

ንጣፉ ለዚህ ሥራ ዋነኛ መሆኑም በቀጥታ ተፈትኗል። አንጀቱን የሸፈነው ይህ ክፍል በቀዶ ሕክምና ከግልገሎች ላይ ሲወገድ በደማቸው ውስጥ ያለው የቢ ሴል ብዛት ለብዙ ወራት ዝቅ ብሎ ይቆያል። በግ ቢ ሴሏን በዋናነት ከመቅኔ ሳይሆን ከአንጀቷ ነው የምታገኘው ማለት ነው።

ዶሮም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አላት። ከጅራቷ ሥር ከአንጀቷ መጨረሻ ጋር የተያያዘች ትንሽ ከረጢት አለች፤ በጣሊያናዊው የፓዶቫ መምህር በፋብሪሲየስ ስም ትጠራለች። ይህቺ ከረጢት ምን እንደምትሠራ ለሦስት መቶ ዓመት ሳይታወቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካዊው ብሩስ ግሊክ ከረጢቷ የተወሰደባቸው ጫጩቶች አንቲቦዲ መሥራት እንደሚያቅታቸው አሳየ። «ቢ ሴል» የሚለው ስም ራሱ ከዚህች ከረጢት የመጣ ነው፤ ከረጢቷ «በርሳ» ነው የምትባለው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ፊደል የመቀያየሩን ሥራ የሚያስጀምረው ማን ነው? አብዛኛው ሰው ጀርም ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። አንጀት በባክቴሪያ የተሞላ ቦታ ነው፤ እኛም ሆንን አይጥ ይህን የፊደል ለውጥ የምንጠቀምበት በሽታ ሲገጥመን ነው። ጥንቸልም የአንጀቷ ባክቴሪያ ከሌለ ይህን ሥራ በቅጡ አትሠራም። በግ ላይ ግን መልሱ ሌላ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአውስትራሊያ ካንቤራ፣ ጆን ሬይኖልድስና ቤድ ሞሪስ ማህፀን ውስጥ ያለን የበግ ጽንስ በቀዶ ሕክምና ከፍተው የአንጀቱን ቁራጭ ከቀሪው አንጀት ነጠሉት። የደም ሥሩ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ምንም አያልፍበትም። ጽንሱን መልሰው እንዲያድግ ተዉት። ተነጥሎ የቆየው የመጨረሻው የአንጀት ክፍል ምንም እንዳልጎደለበት ንጣፉን ሠራ። በመካከለኛው አንጀት ላይ ያሉት ትናንሾቹ ንጣፎች ግን ከአንጀቱ ይዘት ጋር ካልተገናኙ በደንብ አላደጉም። በአንድ አንጀት ላይ ያሉ፣ በዓይን ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የውጪውን ዓለም ይጠብቃል፣ ሌላው አይጠብቅም። ከፓሪስ ደግሞ ክሎድ አኜስ ሬይኖ እና ዣን ክሎድ ቬይ መጡ። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1991 በግ ተቀባዮቿን የምታበዛው ፊደል በመቀየር መሆኑን አሳዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ይህ ለውጥ ከውጪ የሚመጣ ጀርም እንደማያስፈልገው አረጋገጡ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ሠራዊት የሚሠለጥነው ጠላት ታውቆ ነው ብለን ነው የምናስበው። እዚህ ግን አካሉ ገና ማን እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ የማንንም ፊት ሳያይ፣ የሚመጣውን ሁሉ የሚገጥም ነገር አስቀድሞ ይሠራል። ልክ የሆነው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ጀርሙ ሲመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ሌሊት አይደለም የሚሆነው። የበግ እርግዝና 150 ቀን ገደማ ነው። በመካከለኛው አንጀት ላይ ያሉት ንጣፎች በግማሹ እርግዝና አካባቢ ብቅ ይላሉ፤ ትልቁ የመጨረሻው ንጣፍ ከ110ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ ይገነባል። በተወለደበት ቀን ንጣፉ ተዘርግቶ ሴሎቹ በጥድፊያ እየተባዙ ነው፤ የፊደል ለውጡ ግን ገና ጥቂት ነው፣ የሚከማቸው ከተወለደ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው።

ጽንሱ የመከላከል ችሎታውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደማያገኝም ታውቋል። አሜሪካዊው አርተር ሲልቨርስታይን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ልዩ ልዩ ባዕድ ነገሮችን ለበግ ጽንሶች እየወጋ በስንተኛው ቀን ምላሽ እንደሚሰጡ ቆጠረ። ፌሪቲን ለተባለው ፕሮቲን ከ66ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ አንቲቦዲ ሠሩ፤ ለእንቁላል ነጩ ፕሮቲን ግን እስከ 125ኛው ቀን አካባቢ ዝም አሉ። ከሌላ በግ የተወሰደ ቆዳ ሲለጠፍባቸውም ከ77ኛው ቀን በፊት ከሆነ ይቀበሉታል፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ይገፉታል። መጀመሪያ የምትከፈተው አንዷ በር ናት፤ ሌሎቹ በየተራቸው ይከተላሉ።

ይህ የቀን ቆጠራ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር አካባቢ በመታወቁ የድንበር በሽታ የሚባል አንድ የበጎች ቫይረስ አለ። ያረገዘች በግ በእርግዝናዋ መጀመሪያ፣ የጽንሱ መከላከያ ሳይነቃ በዚህ ቫይረስ ከተያዘች፣ ጽንሱ ቫይረሱን እንደ ራሱ አካል ይቆጥረዋል። ከተረፈ ቫይረሱን ተሸክሞ ይወለዳል፤ ዕድሜውን ሙሉ ለመንጋው እየረጨ፣ እሱ ራሱ ግን አንቲቦዲ ሳይሠራበት ይኖራል። ቫይረሱ የገባው በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ከሆነ ጽንሱ ይዋጋዋል፣ ጤነኛ ሆኖም ሊወለድ ይችላል። ቫይረሱ አንድ ነው፣ ጽንሱም አንድ ነው፤ የሚለየው የገባበት ሳምንት ነው።

እስካሁን ስለሚፈጠሩት ተቀባዮች ነው ያወራሁት። የሚወረሱት ቶል መሰል ተቀባዮችም ቢሆኑ በጽንሱ አንጀት ውስጥ ከመወለዱ በፊት ይገኛሉ። እነዚህ ዝግጁ መሆናቸው ግን ሁልጊዜ መልካም አይደለም። ጽንስ የሽርት ውሃ ይውጣል፤ ውሃው በአንጀቱ ያልፋል። የእናቲቱ ሽርት ውሃ በኢንፌክሽን ከተበከለ ጽንሱ የባክቴሪያውን ቁራጭ አብሮ ይውጠዋል። በኔዘርላንድስና በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ለመረዳት የባክቴሪያ ሽፋን ብቻውን፣ ሕያው ባክቴሪያ ሳይኖርበት፣ ወደ በጎች የሽርት ውሃ ይጨምራሉ። የጽንሱ አንጀት ይቆጣል፣ ሴሎቹን አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ይላላል፣ እድገቱ ይጓተታል። ምንም የሚዋጋ ጠላት ሳይኖር ማስጠንቀቂያው ብቻ አንጀቱን ጎዳው።

በጎች ላይ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን አንጀት የሚያቆስልና የሚገድል ከባድ በሽታ ስላለ ነው። ጊዜው ያልደረሰ አንጀት ለባክቴሪያ የሚሰጠው ምላሽ ከልክ ያለፈ መሆኑ የዚህ በሽታ አንዱ መንስኤ ነው። የበግ ጽንስ ደግሞ በክብደቱ ከሰው ሕፃን ጋር ይቀራረባል፤ ማህፀን ተከፍቶ ቢነካም እናቲቱ ብዙ ጊዜ አታስወርድም። ያለ ጊዜው ሊወለድ ላለ ሕፃን ሳንባ እንዲጠነክርለት ዛሬ በየሆስፒታሉ ለእናት የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌም የተገኘው በኒውዚላንድ ግራሃም ሊጊንስ በ1960ዎቹ በበጎች ላይ ካደረገው ምርምር ነው። ስለ በግ ጽንስ የተጻፈ ነገር ስናነብ ስለ ሕፃናትም እያነበብን ነው።

ግልገሉ ሲወለድ ታዲያ ምን ይዞ ይመጣል? ፋብሪካው አለ፣ ሴሎቹ አሉ፣ ተቀባዮቹም አሉ። አንቲቦዲ ግን በደሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የሰው እናት በተለይ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት አንቲቦዲዋን በእንግዴ ልጅ በኩል ለጽንሷ ታጋራዋለች። የበግ እንግዴ ልጅ ግን የእናትንና የጽንስን ደም የሚለዩ ብዙ ሽፋኖች ስላሉት አንቲቦዲ አያሳልፍም። ግልገሉ የራሱን አንቲቦዲ በበቂ መጠን ለመሥራት ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ጋጣው ውስጥ ያለው ጀርም ግን ሳምንታት አይጠብቅም። ክፍተቱን የሚሞላው እንገር ነው።

እንገር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የላሟ፣ ተፈልቶ እንደ አይብ የሚረጋው ነው። ለግልገሉ ግን እንገር ከምግብነቱ ይልቅ መከላከያነቱ ይበልጣል፤ እናቲቱ ከደሟ አጠራቅማ ጡቷ ውስጥ ያስቀመጠችው አንቲቦዲ ነው። አዲስ የተወለደ ግልገል አንጀት ይህን አንቲቦዲ ሳይፈጭ እንዳለ ወደ ደም ያስገባል። ይህ በር በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል፣ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት በኋላም እየጠበበ ይሄዳል። በነጋታው የጠባው እንገር ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ደሙ ውስጥ አይገባለትም። የእንስሳት ሐኪሞች ለመጀመሪያው መጥባት በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይመክራሉ፤ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 100 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ የቡና ስኒ ትንሽ ከፍ የሚል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን በጠቅላላው አራት እጥፉን ቢያገኝ ጥሩ ነው። መንታ ከሆኑና አንደኛው ደካማ ሆኖ ጡት ማግኘት ካልቻለ፣ እናቱን በእጅ አልቦ በጡጦ መስጠት የሰዓት ጉዳይ ነው፤ «ትንሽ ይጠንክርና ይጠባል» ተብሎ የሚተው አይደለም። እናቲቱም ልትወልድ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ብትከተብ አንቲቦዲው በእንገሯ በኩል ለልጇ ይደርሳል።

በዚህ መሐል ንጣፉ ሥራውን አያቋርጥም። ግልገሉ ሦስት ወር እስኪሆነው እየወፈረ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መሟሸሽ ይጀምራል፤ እንክብሎቹ ይኮማተራሉ፣ አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ሲሆነው ከቦታው ይጠፋል። በቀሪው የበጉ ዕድሜ በደሙ የሚዞሩት ቢ ሴሎች በአብዛኛው ያኔ ከዚያ የወጡት ሴሎችና የእነሱ ዘሮች እንደሆኑ ይታሰባል።